ሦስተኛው ክፍል ይቆይ

ሰው እስኪሞት ጠብቀን የምናመሰግን ሕዝብ ነን፤ ይህ ያናድደኛል። በቁሙ ደህና ዋልህ ያላልነውን ሰው ሬሳው ሲወጣ ደረት እንደቃለታለን። እኔ መስዑድ ኢድሪስን ዛሬ፣ በሕይወት ሳለ፣ ጣና ዳር በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሰው ራዲዮ እየፈታታ ሳለ ላመሰግን ነው። አይወደውም። አውቃለሁ፤ ግን የእሱን መውደድ አልጠየቅሁም።

ነገሩን ያነሣሣብኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ነው። ስድሳ ገጽ ነው። የሥራ አስኪያጆች ፎቶግራፍ አለ፤ የጎበኙን እንግዶች ፎቶግራፍ አለ፤ ለአንድ ሰሞን የኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበረ ሁሉ ከነከረባቱ አለ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር በሠራተኛው አዳራሽ ፊልም ያሳየን ሰው ግን በአንዲት መሥመር እንኳ የለም። አገላብጬ አገላብጬ አጣሁት። ስለዚህ እኔ ልጻፈው። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን የእጅ መጥረጊያ ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። የተማሩት ዝም ሲሉ ያልተማረ ይጮኻል፤ ምን ይደረግ።

መስዑድ የጀልባ ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ኢድሪስ የደንገል ታንኳም የእንጨት ጀልባም ይሠሩ ነበር፤ የሠሩትንም ራሳቸው ጭነው ይቀዝፉ ነበር። ከደቅ ደሴት ማሽላ፣ በጎርጎራ በኩል ደግሞ ከቆላ ድባ ገበያ የወረደ ጤፍ ያመጣሉ። ታንኳ ላይ ቦታ ጠባብ ነው፤ አጫጫን የማያውቅ ሰው በየደረሰበት ሁሉንም አራግፎ ሁሉንም እንደገና ይጭናል። አባትየው ለልጃቸው ያወረሱት አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ «ኋላ የሚወርደውን አስቀድመህ ጫን፤ ቀድሞ የሚወርደውን ከላይ አድርግ። ስትጭን ዓይንህ ጭነቱ ላይ አይሁን፤ የምታወርድለት ሰው ላይ ይሁን።» መስዑድ የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህችን ግን ከየትም ዩኒቨርሲቲ አያገኛትም ነበር።

ፋብሪካው ሲከፈት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ኋላ የሠራተኛ ማኅበሩ የፊልም ማሽን ሲያስመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ሳምንት ሠለጠነና የአዳራሹን ፊልም ያዘ። ከአዳራሹ በስተጀርባ፣ በብረት መሰላል የሚወጣባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት መተንፈሻ የሌላት ክፍል ነበረችው። ግድግዳዋ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ በአንዱ ብርሃኑ ይወጣል፣ በሌላው መስዑድ ያያል። እኛ ሸራውን እናይ ነበር። እሱ እኛን ያይ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። «ጋሽ መስዑድ» እያልሁ አንቱ ስለው «አንቱታውን ለካድሬው አስቀምጥለት» ስላለኝ አንተ እለው ነበር። የግድግዳ ጋዜጣ ጸሐፊ ነበርሁ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላወርድ፣ ምላሴ ከጭንቅላቴ የሚቀድም፣ የማውቀው ጥቂት የምፈርደው ብዙ። ዛሬም ብዙ አልተሻለኝም።

በ1976 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከጎንደር በጎርጎራ አድርጎ፣ በመርከብ፣ አንድ የሕንድ ፊልም መጣልን። አምስት ክፍል ያለው፣ አምስቱም በአንድ ላይ! ከዚያ በፊት የአንዱን ፊልም መጀመሪያ አይተን መጨረሻውን ሳናገኝ ዓመት የምንከርም ሰዎች ነን። ከተማው በዋናው ልጅ ስም «ራጉናት» አለው። ሕንዶቹ አምስቱን ክፍል ለመሥራት ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በመጀመሪያው ጠጉሩ የሚያብረቀርቀው ራጉናት በመጨረሻው ቦርጭ አውጥቷል። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። መስዑድ አብሮት የመጣውን የማብራሪያ ወረቀት በድምፅ ማጉያ ያነብልናል፤ ለቅሶውና ሳቁ ደግሞ አስተርጓሚ አይሻም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ሰው በጀልባ የሚያሻግር ቤተሰብ አለ። ከዓመታት በፊት ጀልባቸው ተቃጥሎ ቤቱ ደኽይቷል። ሁሉም የሚጠረጥረው አጎትየውን ነው፤ አጎትየው አላመነም፣ አልካደም፣ ዝም ብሏል። በሦስተኛው ክፍል ራጉናት የመንደሩን ሸንጎ አስጠርቶ አጎቱን ይከሳል። አራተኛው ክፍል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ራጉናት ገና በጀርባ ሲታዘል፣ ጀልባውን ማን እንዳቃጠለው ያሳያል። አምስተኛው መታረቂያው ነው።

ታዲያ በየትኛው ይጀመር? ስቃችሁ ይሆናል፤ እኛ ግን አንድ ሙሉ ስብሰባ አድርገንበታል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የፖለቲካ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው ነበር።

«ጓዶች፣ ታሪክ ከሥሩ ነው የሚጀመረው» አለ። «አራተኛው ክፍል መጀመሪያ የሆነው ነው፤ ስለዚህ አራተኛው ይቅደም። ልጅ ከአባቱ በፊት ይወለዳል እንዴ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ።

መስዑድ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «ጓድ አካሉ» አለ፤ «እርስዎን ያወቅሁዎት ሊቀ መንበር ሆነው ነው። ልጅ ሳሉ ዶሮ አባርሮዎት አልጋ ሥር እንደገቡ ያጫወቱን ኋላ ነው። ያንን አስቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እፈራዎት ነበር?»

ሳቁ የቆርቆሮውን ጣራ አንኳኳው። ጓድ አካሉም ሳይወድ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሰው የሚታወቅ እንዲህ ነው» ቀጠለ መስዑድ። «መጀመሪያ ዛሬውን ታያለህ። ትናንቱን ኋላ ይነግርሃል፤ ከነገረህ። ሕንዶቹም የሠሩት በዚሁ ተራ ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት።»

«በሉ ወስኑ እንጂ! ፈረቃ አለብን!» ብለው እትዬ ሸዋዬ ከፊተኛው ወንበር ጮኹ። በሳቅ ተወሰነ፤ ከአንድ እስከ አምስት፣ በተሠራበት ተራ።

እትዬ ሸዋዬ ከደብረ ብርሃን ባላቸውን ተከትለው የመጡ፣ ባልየው ሲሞቱ ሦስት ልጅ ይዘው የቀሩ ሴት ናቸው። ሥራቸው የጨርቅ ጥራት ቁጥጥር ነው። ከማቅለሚያ የወጣው ጨርቅ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሲሳብ መዳፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ቀዳዳውን፣ ቋጠሮውን፣ የተበጠሰውን ድር፣ የቀለሙን ነጠብጣብ ለይተው ያወጣሉ። የእሳቸው ማኅተም ያረፈበት ገበያ ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን ከገበያ ጨርቅ ይመለስ ጀመር። አበባው የተዥጎረጎረ፣ ሰማያዊው ላይ ጥቁር የፈሰሰበት። ሁሉም ላይ የእትዬ ሸዋዬ ማኅተም አለ። ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበር። ዛሬ ልጆች ሲሰሙት ተራ ቃል ይመስላቸዋል፤ ያኔ ግን በስምህ ላይ ከተለጠፈ ልጆችህ ስንቅ የሚያመላልሱበት ቦታ የታወቀ ነው። ጓድ አካሉ ጠራኝና «አንተ ብዕር አለህ። ጻፍና ስብሰባ ላይ አንብበው» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ሄድሁ።

የመጀመሪያው ክፍል ታየ። በሳምንቱ ሁለተኛው ታየ። አዳራሹ አጎትየውን በቁሙ ሊቀብረው ደረሰ። «ይህ ዝምተኛ እባብ!» ትላለች አንዷ። «ፊቱን አላያችሁም? ፊቱ ላይ ተጽፏል!» ይላል ሌላው። ሰው ሲወጣ እኔ ጽሑፌን ይዤ መሰላሉን ወጣሁ። መስዑድ ፊልሙን በእጅ መዘውር ወደ ኋላ ይጠቀልል ነበር። ቆሜ አነበብሁለት። አርእስቱ «የሕዝብን ጨርቅ ያቆሸሸች እጅ» ይላል። ሃያ ሦስቱን የተመለሱ ጣቃዎች ከነነውራቸው ዘርዝሬያለሁ። እሱ መዘውሩን ሳያቆም ሰማኝ።

«ጽሕፈትህ አምሯል» አለኝ። «መቼ ነው የምታነበው?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ማክሰኞ።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሁለት እሑድ አለን» አለ። ያለኝ ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ የሰማሁት ግን «አምሯል» ያለውን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ፣ ጩኸት ተነሣ።

«ይቺ ሴት ማናት?»

«የራጉናት እናት ናት እኮ! ሽበቷ ጠፍቷል!»

«ሦስተኛው ክፍል የት ሄደ? መስዑድ ሰክሮ ነው?»

«መስዑድ አይጠጣም!»

«እንግዲያው የጣና ፀሐይ መትታዋለች!»

ጓድ አካሉ ወደ መሰላሉ ሮጠ። እኔም ተከተልሁት። «ሦስተኛው ክፍል የት አለ?» ብሎ ከታች ጮኸ።

«አለ» አለ መስዑድ ከላይ።

«ውሳኔውን አንተ ልትሽረው ነው?»

«ተራውን ሳጣራው ሌላ ሆኖ ተገኘ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት ነው። ሦስተኛው ይቆይ፤ ኋላ የሚወርድ ነው።»

«በራስህ ኃላፊነት ነው!»

«በራሴ።»

«በራሴ» ማለት በዚያ ዘመን እንዲህ እንደ ዛሬ ቀላል ቃል አልነበረም። ጓድ አካሉ መሰላሉን ሊወጣ አንድ እግሩን አነሣ። ያን ጊዜ ከሸራው በኩል ከበሮ ተሰማ፤ ዞር አለ፤ እግሩም እዚያው ቀረ።

በፊልሙ ወታደሮች ወደ መንደሩ መጥተው፣ ጎረምሶቹን በማግሥቱ ለዘመቻ ሊያሻግሩ ነው። ስማቸው ከተጻፈው አንዱ የእናትየው የበኩር ልጅ፣ የራጉናት ታላቅ ነው። በመንደሩ ያለው ጀልባ አንድ ብቻ ነው፤ የራሷ ጀልባ። ሕፃኑን አዝላ ወርዳ በገዛ እጇ እሳት ለቀቀችበት። አጎትየው ደርሶ አያት። ችቦውን ከእጇ ቀማና ሰው እስኪመጣ ራሱ ይዞት ቆመ።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ገና ወራት ናቸው፤ በየቀበሌው ልጆች ይመዘገቡ ነበር። በሴቶቹ በኩል የነጠላ ጫፍ ወደ ዓይን ሲሄድ አየሁ። ጓድ አካሉ ወደ ወንበሩ አልተመለሰም፤ እስኪያልቅ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ አየ። መስዑድንም ያን ቀን አልተናገረውም።

በአራተኛው እሑድ ሦስተኛው ክፍል ታየ። እንግዲህ እኛ ሁሉን አውቀናል፤ ራጉናት ግን አያውቅም። ሸንጎው መሐል ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አጎቱን ሲከስ፣ እናትየው ልትነሣ ስትል አጎትየው በዓይኑ ይከለክላታል። የሆነውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። «ተው አንተ ልጅ!» «እናትህን ጠይቅ!» «አንት ድንጋይ ራስ!» ጓድ አካሉ ሳይቀር «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ አግዳሚው ላይ ቆሜ ነበር። «ሳትጠይቅ አትናገር! አስቀድመህ ጠይቅ!» እያልሁ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ።

ሲያልቅ መሰላሉን ወጣሁ። መስዑድ መዘውሩን ያሽከረክራል።

«ድምፅህ ተዘግቷል» አለኝ።

«ያ ጅል አናደደኝ!»

«ምን አደረገ?»

«ሳይጠይቅ ከሰሰ እንጂ! ሌላ ምን?»

መዘውሩን አቆመው። «ያ ወረቀት ኪስህ ውስጥ ነው? የጨርቁን ነውር አንብብልኝ እስቲ።»

አነበብሁ። ነጠብጣብ። ነጠብጣብ። የደበዘዘ ቀለም። የፈሰሰ ቀለም። ነጠብጣብ።

«ቀዳዳ አለበት?»

«የለም።»

«ቋጠሮ?»

ወረቀቱን አገላበጥሁ። «የለም።»

«የተበጠሰ ድር?»

በሃያ ሦስት ጣቃ አንድም አልነበረም።

«አሻጥረኛ ቢሆኑ ቀዳዳውን ሁሉ እየለቀሙ አውጥተው ነጠብጣቡን ብቻ ያሳልፋሉ?» አለኝ። «ና፣ በዚህ እይ።» ወደ ቀዳዳዋ ጎተተኝ። «አምና መስቀል እትዬ ሸዋዬ የሚቀመጡ ዐሥረኛው ረድፍ ላይ ነበር። ለገና ሰባተኛው። ለፋሲካ ሦስተኛው። አሁንስ?»

አዳራሹ ባዶ ሊሆን ነበር። እትዬ ሸዋዬ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሥተው የየረድፉን ጫፍ በእጃቸው እየነኩ ይወጡ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እንደሚቆጥሩ ያስታውቃል። መዳፋቸው ቀዳዳውንም ቋጠሮውንም ያገኛል፤ ቀለም ግን በመዳፍ አይዳሰስም።

ማክሰኞ ላነብበው የነበረው ነገር ሦስት ልጆችን ያለ እናት የሚያስቀር ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

አልሰማም ነበር። ይባስ ብዬ «ሕመሟንም ደበቀች» ብዬ አንድ አንቀጽ እጨምርበት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የማፈስሰው የሰው ሕይወት ነበር፣ እሱ ደግሞ አይለቀምም።

«አሁን ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፊልም ነው የማሳይ።» መዘውሩን እንደገና ያዘ። እያሽከረከረ ግን «ያልተቀለመ ጨርቅ ላይ ነጠብጣብ የለም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። እትዬ ሸዋዬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንድ ነገር ሸትቷቸዋል መሰለኝ እነዚያ እጆች ጭናቸው ላይ ተቆላልፈዋል።

«ጓድ አዘዘ ስለ ጨርቁ ጉዳይ ጽሑፍ አለው» አለ ጓድ አካሉ።

ተነሣሁ። «አለኝ» አልሁ። «እሱ ግን ኋላ የሚወርድ ነው። መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ። ጨርቁ ወደ ማቅለሚያ ከመግባቱ በፊት የሚያየው ማን ነው?»

የሚያየው አልነበረም።

«ቀዳዳ ያለበትን ጨርቅ ቀለም እናጠጣና ኋላ እንጥላለን» አልሁ። «ከተመለሱት ሃያ ሦስት ጣቃዎች ውስጥ አንድ ቀዳዳ የለም፤ አንድ ቋጠሮ የለም። እንዲህ ያለ እጅ በዚህ ፋብሪካ ሁለተኛ የለም። ይህ እጅ ወደ ነጩ፣ ወደ አቡጀዲው ጨርቅ ይሂድ። ቀለሙን ደግሞ ወጣት ይመልከተው።»

ጓድ አካሉ አየኝ። ወደ ፊተኛው አግዳሚ አየ። ወደ እትዬ ሸዋዬ እጆች አየ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም።

«ጽሑፉስ?» አለኝ።

«ይቆይ።»

ከኋላ አንዱ «እንደ ሦስተኛው ክፍል!» ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ። ጓድ አካሉ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። «ይቆይ» አለ። ያን ሰው ብዙ ነገር አልረሳለትም፤ ይህችንም ግን አልረሳለትም። ብድሬ ነው፣ እየመረረኝም ቢሆን አመሰግነዋለሁ።

እትዬ ሸዋዬ ጡረታ እስኪወጡ ነጩን ጨርቅ መረመሩ። ስለዚያ ማክሰኞ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም። ወረቀቱን የዚያኑ ዕለት ጣና ዳር ወስጄ ብጥቅጥቅ አድርጌ ለውኃ ሰጠሁት።

በመጨረሻው እሑድ አምስተኛው ክፍል ሲታይ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄጄ ከእትዬ ሸዋዬ አጠገብ ተቀመጥሁ። እናትየው ከራጉናት ፊት ቆማ ልትናገር ነው። «ሳሪዋ ቀይ ነው» አልኋቸው።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

አፈርሁ። ወዲያው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ጫፉስ?»

«ወርቃማ ነው፤ ሰፊ ጥልፍ አለው። አጎትየው ደግሞ ነጭ ለብሷል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ራጉናት እግሩ ላይ ሊወድቅ...»

«ኧረ ቀስ በል አንተ ልጅ! የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። ዞር ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ የሚታየው የብርሃኑ ቀዳዳ ብቻ ነው። በሌላው ማን እንደሚያየን ግን አውቅ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ነገ ጣና ዳር ወርጄ አነብለታለሁ። ከተቆጣኝ ደህና፤ እንዳለ አሳትመዋለሁ። «ጽሕፈትህ አምሯል» ካለኝ ግን ወደ ቤቴ ተመልሼ እንደገና እጽፈዋለሁ።